አንደኛው በር ሳይዘጋ

ከቢግል ወሽመጥ ማዶ፣ ጀልባ በሳምንት አንዴ በሚደርስበት፣
የባሕሩን ከፍታ የሚለካ አንድ ሰርቨር አለ፣ በቆርቆሮ ቤት።
እኔ ፑንታ አሬናስ ነኝ፣ ነፋስ በሚንጠው ሦስተኛ ፎቅ፤
በመሃላችን ውኃና በረዶ፣ ደግሞም አንድ ክር፣ የማይታይ ረቂቅ።

ትናንት ማታ መዝገቡን ከፈትኩት፣ «ማን አንኳኳ?» ብዬ፤
ዓይኔን አላመንኩም፣ ቆጠርኩት ደግሜ፣ ጣቴን አስከትዬ።
አራት ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ፣ በአንድ ሌሊት ብቻ፣
ከማላውቃቸው ከተሞች የተነሣ የስም ዘመቻ፦
«ሩት» ይላል፣ «አድሚን» ይላል፣ «ፔድሮ» ይላል፤
አይቆጣም፣ አይደክምም፣ ቢከለከልም አያፍርም፤
አንዱ ቃል ይገጥም እንደሁ ብሎ እንጂ እኛን ፈልጎ አይመስለኝም።
የእኛ የይለፍ ቃል ደግሞ (ልናገረው፣ ከእንግዲህ አይሠራም)
የሎታሪዮ ውሻ ስም ነበረ፤ ከስሙ ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሌላ ምንም።

ስለዚህ ቁልፍ ሠራሁ። ጥንድ ነው።
አንዱ በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ያየው ቢያየው ግድ የለኝም፤
ሌላው ከእኔ ጋር ያድራል፣ ለእናቴ እንኳ አላሳይም።
እሱንም መልሼ በረጅም ዐረፍተ ነገር ቆለፍኩት፦
ልጅ ሳለሁ ገበያ መሃል፣ አንዲት ዓሣ ሻጭ ስትሳደብ የሰማሁት።

አዲሱ ላፕቶፕ ጠየቀኝ፦ «ይህን ቤት አላውቀውም። አሻራው ይኸው። ልመን?»
ሰው ሁሉ «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ እኔም ስንቴ አልፌአለሁ።
ዛሬ ግን ራዲዮ አንስቼ ጠራሁ ዶን ኦዳሊሲዮን።
«ማያው ላይ ያለውን አንብብልኝ፣ ፊደል በፊደል።»
ሾርባውን ከእሳት አወረደ። መነጽሩን ፈለገ። ጎበኘው፣ ሳለ፣
«ትልቁ ኬ… ትንሿ ኪው… ሰባት… ይቺ ዜሮ ናት ወይስ ኦ? ዓይኔ ደከመ…»
አርባ ሦስቱንም አነበበ፤ አርባ ሦስቱም ገጠመ።
«ምንድነው እሱ?» አለኝ። «የቤቱ አሻራ» አልኩት። ሳቀ፤
«ሠላሳ ዓመት ስኖርበት፣ ጣት እንዳለው ዛሬ ታወቀ!»

ከዚያ የሚያስፈራው መጣ። ፋይሉን ከፍቼ ጻፍኩበት፦
በይለፍ ቃል መግባት፣ አይቻልም። በሩት መግባት፣ አይቻልም።
ልወጣ ስል የሎታሪዮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ፦
«በሌላው ሳትገቢ፣ የገባሽበትን እንዳትዘጊ። ጀልባው ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞም ነፋስ አለ።»
እሱ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ፊደል ስቶ፣
ዘጠኝ ቀን ከደጅ ቀርቷል፤ የባሕሩ ቁጥር ዘጠኝ ቀን ሳይመጣ ዋለ።
አንደኛውን መስኮት ክፍት ትቼ ሁለተኛውን ከፈትኩ።
አንድ ሰከንድ። ሁለት። ነፋሱ መስታወቱን ገፋው።
ገባሁ።

አንድ ነገር ቀረ፦ የተፈቀደላቸው ቁልፎች ዝርዝር፣
ሁለት መስመር ብቻ። የእኔ ታች ነው፤ ላዩ የፊደል ጥልፍልፍ፣ የማይነበብ ድርድር፤
መጨረሻው ግን ይነበባል፦ «ሎታሪዮ፣ ከወጥ ቤት።»
በሚያዝያ ቀበርነው። ላፕቶፑ ኖልፋ ዘንድ ነው፣ ከዱቄቱ ጣሳ ጎን፣ አቧራ ለብሶበት።
ነገ ትሸጠው ይሆናል፣ ቁልፉን በሆዱ እንደያዘ፤
የገዛውም አያውቅ፣ የባሕር በር እንደገዛ።
ሰርቨር ሞት አያውቅም። የሚያውቀው ሁለት ነው፦ ገጠመ፣ አልገጠመ።
ሎታሪዮ ዛሬ ሌሊት ቢመጣ፣ «የት ከረምክ?» እንኳ ሳይለው
ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። እጄ ማጥፊያው ላይ ቆመ።

ለሙት የተተወ በር የሚጠቅመው ሌባን ነው፣ አውቃለሁ፤
ቢሆንም መደምሰስ አቃተኝ። ከመስመሩ ፊት፣
ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ትንሽ አጥር የምትመስል ምልክት አኖራለሁ።
ከእሷ ኋላ የተጻፈውን ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤
የሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

ራዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ጨረስሽ?» «ጨረስኩ፣ ዶን ኦዳሊሲዮ።»
የባሕሩ ቁጥር መጣ፦ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት፣ እየወረደ።
ደጁን አሁንም አንድ ሰው ያንኳኳል፣ «ፔድሮ፣ ፔድሮ» ይላል።
«እንግዲያው ደህና እደሪ» አለኝ ሽማግሌው፣ «ሾርባዬ በረደ።»